በራሱ ይነሳል ያሉኝ ሳጥን

ዶሮ እንቁላሏን ስትታቀፍ ማንም ትእዛዝ ጽፎ አይሰጣትም። ቁጭ ትላለች፤ ሃያ አንድ ቀን ሲሞላ ጫጩቶቿን አስከትላ ትነሳለች። የኔ ልጅ ግን ይህን ሥራ ከዶሮ ቀምታ ለኮምፒውተር ሰጠችው። ሞጣ ተቀምጣ የተማረችው ትምህርት ፍሬው ይኸው ነው፤ እኔም ቢቸና፣ በገዛ ጓዳዬ፣ ሳጥን እንደ አራስ ስጠብቅ ከረምኩ።

የኔ ትምህርት መሠረተ ትምህርት ነው። ፊደል ቆጥሬ፣ ስሜን ጽፌ፣ የምስክር ወረቀት ተሰጥቶኝ አበቃሁ። ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ መነሳቴ ያስቃችሁ ይሆናል። ሳቁ። የተማሩት ያደረጉትን ስነግራችሁ ደግሞ በማን እንደምትስቁ እናያለን።

ልጄ ተመርቃ ሥራ አጣች። ሥራ ያጣች ልጅ ባለችበት ቤት ደላላ አይጠፋም፤ ዝንብና እሱ የሚገቡበትን በር አይስቱም። ዓረብ አገር ሊልካት ተስማሙ። እኔ የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ሁለቱም አልሠራም። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልሞክር። እኔና ሁለት ጓደኞቼ ጫጩት አስፈልፍለን ካሳየን ሞጣ ላይ የመሥሪያ ቦታ ይሰጡናል። ከተፈለፈለ እቀራለሁ። ካልተፈለፈለ ከፋሲካ በኋላ እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ እንዳታለቅሺብኝ።»

ከሰፈራችን አንዲት ልጅ ከዓመታት በፊት ሄዳለች። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፤ ከዚያ በየወሩ፤ ከዚያ ስልኩን ሌላ ሰው በማይገባ ቋንቋ አነሳው። እናቷ ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ የማንም ስልክ ይሁን፣ ከመቀመጫዋ ብድግ ትላለች። እኔ ያቺን ሴት በየእሑዱ አያታለሁ። ስለዚህ «እሺ» አልኩ። እንኳን እንቁላል ድንጋይ አስፈለፍላለሁ ብትለኝ እሺ እላት ነበር።

ሳጥኑን ከጣውላ ሠራችው። ውስጡን በስፖንጅ አለበሰችው፤ ሁለት አምፖል ሰቀለችበት፤ ትንሽ ማራገቢያ ጨመረችበት። ጎኑ ላይ ደግሞ የእጅ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር አሰረችበት።

«ይህቺ ምንድን ናት?»

«ኮምፒውተር።»

ልብስ የሌላት፣ አጥንትና ጅማቷ የሚታይ፣ ቆዳዋን እንደገፈፏት አይጥ ያለች ነገር። ሙቀቱን እየለካች አምፖሉን የምታበራና የምታጠፋ እሷ ናት አለችኝ።

«አምፖሉን ዝም ብለሽ ብታበሪውስ?»

«እንቁላሉ ይቀቀላላ!»

«ይቀቀል፤ ለፋሲካ እንበላዋለን።»

አልሳቀችም። ሁዳዴ ስለነበር እንቁላል የሚገዛ ሰው አልነበረም፤ ከገጠር ይዘው የመጡት ሴቶች ተሸክመው ከሚመለሱ ብለው በደስታ ለቀቁላት። ሃምሳ ሁለት እንቁላል ደርድራ፣ በአንድ ጎናቸው በከሰል ምልክት አደረገችባቸው፤ ስናገላብጥ የትኛው እንደተገላበጠ እንድናውቅ።

ያቺ ኮምፒውተር አንድ አመል ነበረባት። የምትሠራው ሥራ ውስጧ ተጽፎ ተቀምጧል፤ ስክሪፕት ይሉታል። ነገር ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ትነሳና ዝም ብላ ትቀመጣለች። «ስክሪፕቱን ጀምሪ» ካልተባለች አትጀምርም። እንዲህ ያለች ሠራተኛ እኔ ቤት አንድ ቀን አታድርም ነበር። በዚያ ጊዜ ደግሞ መብራት በቀን ሁለቴም ሦስቴም ይሄዳል። ልጄ የቤቱን ቴሌቪዥን በገመድ ከኮምፒውተሯ ጋር አገናኘች፤ ኪቦርድ ሰካች፤ መብራት በመጣ ቁጥር አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፍላታለች።

እሷ ከቤት ስትወጣ ጻፊዋ እኔ ሆንኩ። የማውቀው ሀ ሁ ነው፤ ይኸኛው የፈረንጅ ፊደል ጅራትና ቀንድ ያለው ነው። በወረቀት ላይ ሣለችልኝ። እኔ ቅርፁን እያየሁ፣ በአንድ ጣት፣ ቆሎ እንደምትለቅም ዶሮ አንድ አንድ እያልኩ እነካለሁ። አንድ ቀን ነጥብ ዘለልኩ መሰለኝ፣ ኮምፒውተሯ ቴሌቪዥኑ ላይ ስድብ የሚመስል ረጅም ነገር ጻፈችልኝ። ልጄ እስክትመጣ ሌላ ፊደል ሳልነካ ከሳጥኑ ፊት ቆሜ ጠበቅሁ። ካበላሸሁት በገዛ ጣቴ ዓረብ አገር ላክኋት ማለት ነው።

ይህን ስትሰማ የሞጣ መምህሯን ጠራችው። አቧራ የበላውን መንገድ ሁሉ መጥቶ ጫማው ያበራል፤ የት ቆሞ እንደወለወለው እንጃ። እንደገባ «እማማ» አለኝ። በዕድሜ ከኔ ቢያንስ በአሥር ዓመት ቢሆን ነው።

«ችግሩ ቀላል ነው» አለ፣ ሳጥኑን እንኳ ሳያየው። «ኮምፒውተሯ ስትነሳ ስክሪፕቱ አብሮ እንዲነሳ እናደርገዋለን። አውቶማቲክ ይሆናል። ከእንግዲህ እማማ ምንም አይነኩም።»

ይህን ያለው ለልጄ ነው፤ እኔ እዚያው ቆሜ። ቴሌቪዥኑ ፊት ተደርድረው ሲጽፉ ዋሉ። ከዚያ ፈተኑት፤ ከሶኬት ነቀሉ፣ ሰኩ፤ አምፖሉ ማንም ሳይነካው በራ። ሦስት ጊዜ ደጋገሙት፤ በሦስተኛው አጨበጨቡ። እኔ በልቤ ዶሮ እንኳ ይህን ያህል ተጨብጭቦላት አያውቅም አልኩ። እንዲያም ሆኖ ከጽሕፈት በመገላገሌ የዚያን ለት እፎይ ብያለሁ፤ አልዋሽም።

ሆሳዕና አለፈ፤ ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሰኞ ጠዋት ቤቴን ለሕማማት አሰናዳሁ። እናቴ በዚህ ሳምንት ክራሩን ከግድግዳ አውርዳ ታስቀምጥ ነበር። እኔ ክራር የለኝም፤ ያለኝ ቴሌቪዥን ነው። ከሶኬት ነቀልኩት፤ ወደ ሳጥኑ የሄደውንም ገመድ ነቀልኩ፤ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አምፖሉ እንደበራ ቀጠለ። ልጄም አይታ ምንም አላለችኝ። ማክሰኞ ማለዳ የመሥሪያ ቦታውን ወረቀት ልትጨርስ ወደ ሞጣ ሄደች።

«አታስቢ፤ መብራት ቢሄድም ሲመጣ በራሱ ይነሳል» ብላኝ ወጣች።

እንቁላሉ ሳጥን ከገባ አሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እኔ እንቁላል ልጠብቅ ቀረሁ። አራት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ወዲያው ሁሉንም ከሶኬት ነቃቀልኩ። ይህ የከተማችን ሕግ ነው፤ መብራት ሲመለስ እንደ ደራሽ ውሃ ስለሚመጣ ያልተነቀለ ዕቃ ይቃጠላል፤ በዚህ ሁለት ሬዲዮ ቀብሬአለሁ። ሳጥኑን በጋቢ ጠቀለልኩና ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ላይ ከታች የወፍጮ ቤቱ ድምፅ ተሰማ፤ መብራት መጣ። እስኪረጋ ጠበቅሁ። ከዚያ አማትቤ ሳጥኑን ሰካሁት።

የኮምፒውተሯ ቀይ መብራት በራች። አምፖሉ አልበራም።

ትነሳ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ነቅዬ ሰካሁ። ጠበቅሁ። እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ እንቁላሉን ነካሁት፤ ለብ ብሎ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ስነካው ለብታውም ሄዷል። ከሰል አያይዤ ውሃ አሞቅሁ፤ በዘይት ጀሪካን እየሞላሁ በጨርቅ ጠቅልዬ በእንቁላሉ ዳር ዳር አኖርኩ። በዚህ መሐል ስልክ እደውላለሁ፤ አይገባም፤ ውሃ እቀይራለሁ፤ እደውላለሁ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ አነሳችው።

«አልተነሳም!» አልኳት።

«ቀዩ በርቷል?»

«በርቷል። አምፖሉ ግን ሞቷል። እንቁላሉ ቀዝቅዟል። ልጄ፣ ምን ላድርግ?»

መምህሩ አጠገቧ ነበር፤ ስልኩን ተቀበላት።

«እማማ፣ አይጨነቁ፤ አውቶማቲክ ነው፤ ይነሳል።»

«አልተነሳም እያልኩህ!»

«እስኪ ነቅለው ይሰኩት።»

«አራት ጊዜ ነቅያለሁ።»

«ምናልባት በደንብ አልሰኩትም ይሆናል።»

ሃያ ዓመት ሶኬት የሰካሁ ሴት! በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ንዴት መጥቶ ደረቴን አሞቀው፤ ምነው ለእንቁላሉ በሆነ። ተናድጄም ቆም ብዬ አሰብኩ። ያን ቀን ሲፈትኑት ሦስት ጊዜ ተነስቷል። ሳጥኑ ያው ነው፤ ሶኬቱ ያው ነው። ያን ቀን ኖሮ ዛሬ የሌለ ምንድን ነው?

«መምህር፣» አልኩ፣ «ያን ለት ስትፈትኑት ቴሌቪዥኑ ተሰክቶ ነበር። ዛሬ ነቅዬዋለሁ።»

«ቴሌቪዥኑ ለምን ተነቀለ?» አለ።

«ሕማማት ነዋ! አንተ አገር ሕማማት የለም?»

ስልኩ ላይ መንሾካሾክ ሰማሁ። በኋላ ልጄ እንዳስረዳችኝ ነገሩ ይህ ነው፤ ስክሪፕቱ እንዲጀምር ያዘዙት ኮምፒውተሯ በተነሳች ጊዜ ሳይሆን ስክሪኑ በተከፈተ ጊዜ ነው። ስክሪን የሌለ እንደሆነ ስትጠብቅ ትኖራለች። ሦስቴ ሲፈትኑ፣ ሦስቴ ሲያጨበጭቡ፣ ስክሪኑ ከፊታቸው ተገትሮ ነበር። አንዱም ነቅለን እንየው አላለም።

«እማዬ፣» አለች ልጄ፣ ድምጿ ቀጥኖ፣ «ቴሌቪዥኑን መልሰሽ ሰኪው።»

ይህን መጻፍ ቀላል ነው። እኔ ግን ጌታ በሚሰቃይበት ሳምንት ጨርቁን ገልጬ ቴሌቪዥን ላበራ ነው። ሲኦልን እፈራለሁ። ያቺ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ የምትለው ሴት ትዝ አለችኝ፤ እሷን መሆን የበለጠ ፈራሁ። «ይቅር በለኝ፤ ፊልም አላይበትም» አልኩና ገመዱን መለስኩ፤ ቴሌቪዥኑን አበራሁ፤ ኮምፒውተሯን ነቅዬ ሰካሁ። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ሆነ፤ ነጭ ጽሕፈት ዘነበበት፤ ከዚያ ሁለቱም አምፖሎች ቦግ አሉ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሰው እንዳያይብኝ ቴሌቪዥኑን እንደበራ በጨርቅ መልሼ ሸፈንኩት። ጎረቤቴ ግን ከስግደት ስትመለስ ሰተት ብላ ገባች። በሕማማት ሰላምታ የለም፤ ነገር መፈለግ ግን አልተከለከለም።

«ለእንቁላል ብለሽ ስግደት ቀረሽ?»

«ቀረሁ።»

«ይህ ጨርቅ ምነው ያበራል?»

ሳልመልስላት ገለጠችው። ነጭ ቁጥር በቁጥር ላይ እየወረደ ነው።

«አንቺ! ቴሌቪዥን! ምን ፊልም ነው?»

«የሙቀት ነው።»

«ማን ይሞትበታል?»

«እስካሁን ማንም። ዝም ብለሽ ጸልዪ።»

«ለንስሐ አባትሽ አልናገርም» ብላ ወጣች። በእርግጥ ለእሳቸው አልተናገረችም፤ ለቀረው የቢቸና ሰው ግን አዳርሳለች።

ልጄ ረቡዕ ተመለሰች። አልተቆጣችኝም፤ እኔም አልተቆጣኋትም፤ ሁለታችንም እንቁላሉን ወደ ብርሃን እያነሳን ማየት ያዝን። የቀዘቀዙት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አናውቅም። ቅዳሜ፣ ቄሶቹ ቄጠማ እያደሉ በሚዞሩበት ሰዓት፣ አንዱ ቅርፊት ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ስንጥቅ ታየች። ልጄ እጄን ያዘችኝ። ከልጅነቷ ወዲህ እንዲያ ይዛኝ አታውቅም። እስከ እሑድ ማታ ከሃምሳ ሁለቱ ሃያ ዘጠኙ ወጡ። ሌሎቹ በየቅርፊታቸው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ፤ የነሱን ኃጢአት ለማን እንደምሰጥ አላውቅም፤ ግማሹ የኔ፣ ግማሹ ያጨበጨቡት ነው።

ከፋሲካ በኋላ የመሥሪያ ቦታ ከሚሰጠው ጽሕፈት ቤት ሰዎች ሊያዩ መጡ። መምህሩ ጫማውን አብርቶ አብሮ መጣ፤ ስክሪፕቱንም ቴሌቪዥን ኖረ አልኖረ እንዲነሳ አድርጎ አስተካክሎት ነበር። ቆሞ ስለ አውቶማቲክ ሲያስረዳቸው የቴሌቪዥኑን ነገር አላነሳም። መጨረሻ ላይ ወደኔ አየት አድርጎ «እማማም ትንሽ አግዘውናል» አለ። ትንሽ! ጀሪካኑን ጭንቅላቱ ላይ ባፈስኩለት ደስ ባለኝ፤ ግን ቦታውን ሊፈርሙላት የመጡ ሰዎች ፊት ነበርና ፈገግ አልኩ።

ደላላው በዚያው ሳምንት ደወለ። ልጄ እፊቴ አነሳችው።

«አልሄድም» አለችው። እሱ ብዙ አወራ። «ሃያ ዘጠኝ ልጆች ጥዬ? አልሄድም አልኩህ።»

ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች። «አሁን ደስ አለሽ?»

«ጫጩት ይሞታል፤ በሽታ አለ፣ ጭልፊት አለ» አልኳት። ደስ ማለቴን ብነግራት የሆነ ነገር ይሰማብኝና ይነጥቀኛል ብዬ ፈራሁ።

ቦታው ተፈረመላትና ጫጩቶቹን በካርቶን አድርጋ፣ ሁለቱ ጓደኞቿ ወደሚጠብቋት ሞጣ በአውቶቡስ ሄደች። ከኔ ጋር እንድትቀመጥ አልነበረም እንዴ ያ ሁሉ ጣር? ቤቱ ባዶ ሆነ፤ ጮኸብኝ። አንድ ቀን ስደውልላት አላነሳችም፤ ደግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ነጠላዬን ለብሼ መናኸሪያ ወረድኩ። ደብረ ወርቅን አልፈን፣ አቧራ ጠጥተን፣ ከሰዓት በኋላ ሞጣ ደረስኩ። ልጄ እጇ በዶሮ መኖ ነጭ ሆኖ ወጣች።

«እማዬ! ምን ሆንሽ?»

«ስልክሽ።»

«ቻርጅ ጨርሶ ነው። ለዚህ ብለሽ መጣሽ?»

«ለዚህ ብዬ መጣሁ» አልኳትና ተቆጣኋት፤ በአካል፣ ፊት ለፊት፣ እስኪበቃኝ ድረስ።