የአያቴ ደመኛ

አያቴ የቆቦ ሽማግሌ ነበሩ፤ ስንት ደመኛ አስታርቀው ደም ያደረቁ። ለራሳቸው ግን እርቅ እንቢ ያሉበት አንድ ደመኛ ነበራቸው። እሱም የልጅነት ልምሻ ነው። የእሳቸውን አንድ እግር ሽባ አድርጎ ታናሽ እህታቸውን ገድሎባቸዋል። «ለፈጣሪ ይተዉት» ሲሏቸው፣ «ይቅርታ የሚጠይቅበት አፍ ካለው አምጡትና እታረቀዋለሁ» ይሉ ነበር።

የልምሻ ክትባት ሰጪዎች ሰማያዊ ሣጥናቸውን አንግተው ሲመጡ፣ አያቴ እያነከሱ ቀድመዋቸው በየበሩ ይደርሳሉ። «ልጅ አውጡ! ደሜን ልመልስ ነው!» ጠብታዋ ሕፃኑ አፍ ውስጥ ስትገባ፣ የጠላታቸውን ግንባር ያገኙ ይመስል መሬቱን በምርኩዛቸው ይመቱታል።

አያቴን በቀበርን ሰሞን ክትባት ሰጪዎቹ መጡ። ቀድሟቸው በር የሚመታ ሰው አልነበረም። እኔ አብሬያቸው ብሄድ፣ ጎረቤታችን ልጇን ጓዳ አስገብታ፣ «ባለፈውም ወስዷል፤ ደግሞ እሳቸውም አርፈዋል፣ አንቺ እንኳ ተይን» አለችኝ።

ቤት ተመልሼ ምርኩዛቸውን አነሣሁና በሯን መታሁት።

«የሞቱት እሳቸው ናቸው፤ ደመኛቸው አልሞተም። አሁን ደሙ የኔ ነው። ልጁን አውጪው!»