ጫማ ውስጥ የተገኘው ወርቅ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዲሴምበር 2011፣ እሑድ ንጋት

ገና በደንብ ሳይነጋ ከቤት ወጣን። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ትናንት አሌክሳንድሪያ፣ ባሏ የሞተባት ወዳጄ እትዬ ዘይነብ ቤት ውለን ነው የመጣነው፤ ዛሬ ደግሞ ተመልሰን እዚያው። እናቴ ከጣቷ አውልቃ የሰጠችኝን የወርቅ ቀለበት በመሀረብ ቋጥሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው የምይዘው። ለሱብሒ ሶላት ተነስቼ ብዳስስ መሀረቡ ባዶ ነው። ልጄ ሂክማ ስምንት ዓመቷ ነው። ምንም ሳትፈራ ነገረችኝ፤ እነ እትዬ ዘይነብ በር ላይ ከተደረደሩት ጫማዎች አንዱ ውስጥ ከትታዋለች። ክው አልኩ።

ሬድ ላይን

ባቡሩ ጭር ብሏል። ለምን እንዳደረገችው ጠየቅኳት። ለካ አስተማሪዋ የገና ስጦታ ከየት እንደመጣ ነግራቸው ኖሯል። በድሮ ዘመን፣ ዛሬ ቱርክ በሚባለው አገር፣ አንድ ጳጳስ ነበረ አሉ። ጎረቤቱ ድሃ ነው፤ ሦስት ሴቶች ልጆቹን የሚድርበት የለውም። ጳጳሱ ተደብቆ በመስኮት ወርቅ ወረወረላቸው፤ ወርቁ እሳት ዳር እንዲደርቅ የተቀመጠ ጫማ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ልጆች ጫማና ካልሲ አስቀምጠው መጠበቅ ለመዱ፤ በኋላ ባለሱቆች ገበያ አደረጉት። በየገበያ ማዕከሉ ልጅ የሚያቅፈው ባለቀይ ልብስ ሽማግሌ ጳጳስ ነበር ማለት ነው! እኔ የሱቅ ማስታወቂያ ይመስለኝ ነበር። ደግሞ ሴቷ ከፍላ ታገባለች? በእኛ ጥሎሽ የሚያመጣው ወንዱ ነው።

ኪንግ ስትሪት

ከጣቢያው ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ የአገራችን ሰው ነው። ጭንቀቴን አጫወትኩት፤ ጠይቄ "አላየንም" ቢሉኝ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ሌባ ማለቴ አይደል?

"እህቴ፣ ቀለበት ይተካል" አለኝ። "ሌባ ያልሽው ሰው ግን ተመልሶ ወዳጅ አይሆንሽም። ሻይሽን ጠጥተሽ ዝም ብለሽ ተመለሺ።"

እውነቱን ነው ብዬ ዝም ልል ቆረጥኩ።

እነ እትዬ ዘይነብ ቤት

ጩኸቱ ከደረጃው ይሰማል። እትዬ ዘይነብ ቀለበቴን ይዛ ሆቴል የምትሠራው ትልቋ ልጇ ሰሚራ ላይ አፍጥጣለች። ሰሚራ ታለቅሳለች።

"ማነው ወንዱ? ጫማሽ ውስጥ ራሱ ገባ? ሀያትስቪል ላለው አጎትሽ ኮል አድርጌያለሁ፤ መጥቶ ያውጣጣሽ!"

ዝም ማለት ቀረ፤ የእኔ ነው አልኩና ሁሉንም ተናገርኩ። እትዬ ዘይነብ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ሰሚራ እንባዋን ጠርጋ ቀለበቱን ጣቷ ላይ ለካችው።

"በቃ፣ አንድ ጠዋት ታጭቼ ነበር" አለች።

ሁለቱ ታናናሽ እህቶቿ ሳቁ። እትዬ ዘይነብ ግን ሂክማን ጠርታ ከዚህ ሁሉ ቤት ለምን የእኛን መረጥሽ አለቻት። ሂክማ በእንግሊዝኛ መለሰች። ሰሚራ መተርጎም ጀምራ ድምጿ ቀዘቀዘ።

"እማዬ በስልክ ስታወራ ሰማሁ ነው የምትለው። 'አባት የሌላቸው ሦስት ሴቶች፣ ማን ያገባቸው ይሆን' ስትል።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እትዬ ዘይነብ ቀለበቱን ከሰሚራ ጣት አውልቃ መዳፌ ላይ አኖረችው። ለሂክማ ቁርስ አቀረበች፤ ለእኔም ሻይ ቀዳች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። አጎትየው እንዳይመጣ ደወለች።

ስንወጣ እስከ በሩ ሸኘችን። ጫማዬን ላደርግ ጎንበስ ስል ከላዬ ቆማ፣

"አራግፈሽ ተጫሚ" አለችኝ። "እኛም አዝነንልሽ የከተትንልሽ ነገር አይጠፋም።"

ቀልድ ይሁን ቁጣ አላወቅኩም። ሁለቱንም ጫማ አንስቼ፣ እሷ እያየችኝ፣ አራገፍኩ።