ኃይሉን ያጣው የክሎሪን ውሃ

ጣሊያን ከመምጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ ባለች ትንሽ ሕክምና ቤት ቁስል አጣቢ ነበርኩ። ሐኪማችን አማርኛ የለመዱ ፈረንጅ ናቸው። ቁስል የምናጥብበትን ውሃ ከክሎሪን ዱቄትና ከሶዳ የምበጠብጠው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ይህ ውሃ በሐረር አየር ስንት ቀን ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ ይመራመሩ ስለነበር ጠባዩን ደጋግመው አስተምረውኛል። ብርሃን ያደክመዋል፤ ሲከርም ከንቱ ይሆናል፤ ዱቄቱ ከበዛበት ደግሞ ጤነኛውን ሥጋ ይበላል። ስለዚህ በጥቁር ጠርሙስ፣ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

አንድ ቀን ያ ጥቁር ጠርሙስ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። ተግሣጹን ፈርቼ ዝም አልኩ። አዲስ የበጠበጥኩትን ውሃ ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ጠርሙስ አድርጌ፣ ሣጥኑ ሲከፈት እንዳይታይብኝ ሐኪሙ እምብዛም በማይገቡበት ማጠቢያ ክፍል መስኮት ላይ አኖርኩት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ታገኘዋለች።

በዚያው ሰሞን ከጀጎል አንድ መጽሐፍ ደጓሽ ሽማግሌ መጡ። ቆዳ ሲቆርጡ ቢላው ቀኝ መዳፋቸውን ወግቷቸው እጃቸው አብጦ መግል ይዟል። በየሁለት ሰዓቱ በቀጭን የጎማ ቱቦ ቁስሉን አጠብኩላቸው። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ እጁን አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

«ወደ ክንድ እየወጣ ነው» አሉ። «ነገ ጠዋት ከክርን በታች እንቆርጣለን።»

ሽማግሌው ሰምተዋል። ወደ እኔ ዞሩ።

«ስንት ቁርአን የደጎስኩበት እጅ ነው። አላህ ካለ ምን ይደረጋል። አንቺ ግን ልጄ፣ በደንብ ስታጥቢኝ ነበር አይደል?»

«አዎ» አልኳቸው።

ማጠቢያ ክፍል ገብቼ ጠርሙሱን ከፈትኩ። አፍንጫ የሚሰነፍጠው ሽታ የለም። ሐኪሙ ኃይሉን የሚለኩበት ወረቀት ነበር፤ ደኅናው ውሃ ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። አንድ ጠብታ አሳረፍኩበት። ጠበቅሁ። ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ወረቀቱን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩና ሁሉንም ተናገርኩ። አልጮሁብኝም።

«ስንት ቀን በዚህ አጠብሻቸው?»

«አምስቱንም።»

ብዕራቸውን አንስተው ወደ ሽማግሌው ሄዱ። በሽማግሌው ክንድ ላይ፣ ከቁስሉ ወደ ላይ የወጣው መቅላት የደረሰበትን ቦታ በቀለም አሰመሩ። «አዲስ በጥብጪ። አንድ ቀን እጠብቃለሁ። መቅላቱ ከመስመሩ ብዙ ካለፈ ግን በዚያው ሰዓት እቆርጣለሁ» አሉኝ።

ዱቄቱን መዘንኩ። አንድ ማንኪያ ልጨምር፣ ቶሎ ይፈውሳቸው ይሆናል ብዬ ማንኪያውን ሞልቼ እስከ ጠርሙሱ አፍ አድርሼ ነበር፤ ሥጋቸውን እንዳይበላ ፈርቼ መልሼ አራገፍኩት። ውሃው ጤነኛውን ቆዳ እንዳይነካ በቁስሉ ዙሪያ ቫዝሊን ቀብቼ ማጠብ ጀመርኩ።

ከሰዓት በኋላ መቅላቱ መስመሩን አንድ ጣት ያህል አለፈ። ሐኪሙ ለመቁረጥ ሲዘጋጁ መጋዙ እንዲቀቀል አዘዙ። እኔ ማጠቤን ቀጠልኩ። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መቅላቱ ባለበት ቆመ። በማግሥቱ ጠዋት ከመስመሩ በታች ወርዶ አገኘነው።

እጃቸው ተረፈ፤ ሁለት ጣቶች ግን ሞተው ስለነበር ተቆረጡ። ሐኪሙ ከሥራ አላባረሩኝም። «ለሽማግሌው የምትነግሪያቸው ግን አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ሽማግሌው ከሕክምና ቤቱ ሊወጡ በተነሡ ዕለት ነገርኳቸው። የታሰረውን እጃቸውን በግራቸው ደግፈው አዳመጡኝ።

«ያን ቀን ስጠይቅሽ አዎ አልሽኝ» አሉ።

«ዋሸሁዎት።»

«ይቅር እንድልሽ ትፈልጊያለሽ። ዛሬ አልችልም ልጄ። ዛሬ ካልኩሽ እኔም መዋሸቴ ነው።»

ክረምቱ አልፎ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ተገናኘን። አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል ጠሩኝ። ሦስት ጣት ብቻ ያለውን እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኩት። ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ስለ ሥራዬም ጠየቁኝ። ከዚያ መንገዳቸውን ቀጠሉ።