የመሪጌታ ላቀው ሳሎን

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጋሼ ደመላሽ ወለሉ ላይ በጀርባዬ እንድተኛ አዘዙኝ። ከኮሌጅ የወጣሁ ሰሞን ነው፤ የንድፍ ጥቅሌን ታቅፌ፣ ቀሚሴን ተኩሼ ነበር የመጣሁት። ቤቱ ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ የአንድ መምህር ነው፤ ወለሉ ገና የሲሚንቶ አቧራ አልለቀቀውም። ሳመነታ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ካርቶን አንጥፈው ተጋደሙ። ሰው የቤቱን ኮርኒስ ቆሞ አያይም፤ ሲታመምና እንቅልፍ እምቢ ሲለው ተኝቶ ነው የሚያየው አሉኝ። ተኛሁ። ቀሚሱም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ልብስ ሆነ።

ጋሼ ደመላሽ ከአናጢነት ተነሥተው የፊኒሺንግ ሥራ ኃላፊ የሆኑ ሰው ነበሩ። እኔ ንድፍ አወጣለሁ፣ እሳቸው ያርማሉ፣ አንድ አናጢና አንድ የጂፕሰም ሠራተኛ ይሠራሉ። ሜትራቸውን ከኪሳቸው የሚያወጡት ቄስ መስቀሉን እንደሚያወጣ ነው። ንድፌን ሲያርሙ ግን እርሳሳቸው ምሕረት አልነበረውም።

ከሁሉ የምወደው ኮርኒሱ ከፍ ያለ ቤት ነው። በሐይቁ ዳር ድሮ የተሠሩ እንዲህ ያሉ የድንጋይ ቤቶች ነበሩ። ሙቀቱ ሽቅብ ይሄዳል፤ ሰው ከታች በቀዝቃዛው አየር ይቀመጣል። ታዲያ ክፍሉ የጉድጓድ ያህል እንዳይጨንቅ ዘዴ ይፈልጋል። ከወለሉ ጋር ግድግዳውን የሚዞረው ዞኮሎ ሰፋ ማለት አለበት። መጋረጃው ከመስኮቱ ራስ ሳይሆን ከኮርኒሱ ሥር ይወርዳል። ግድግዳው ወገብ ላይ ደግሞ ዓይን የሚያርፍበት የእንጨት መስመር ይዞራል። ይህን ሁሉ በደንብ የገባኝ በመሪጌታ ላቀው ሳሎን ነው።

መሪጌታ ቁንዝላ አካባቢ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ሲጠፋ ልጃቸው ዘነቡ ባሕር ዳር አምጥታቸው አብራቸው ትኖር ጀመር። ዘነቡ የፋብሪካ ሒሳብ ሠራተኛ ናት፤ ከእሳቸው በቀር ማንም የላትም። ቤታቸው ከእነዚያ የሐይቅ ዳር ቤቶች አንዱ ነበር።

መሪጌታ ለፋሲካ ወደ ቁንዝላ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ዘነቡ እኛ ዘንድ መጣች። አሮጌው ኮርኒስ ተሰነጣጥቋል፤ የሌሊት ወፍ ኩስ አባቷ መቀመጫ ላይ ይወርዳል። እሳቸው ሳይመለሱ ዝቅ ያለ የጂፕሰም ኮርኒስ እንድንሠራላት ፈለገች። ጋሼ ደመላሽ አባቷን አማክራ እንደሆነ ጠየቋት። አያዩት፣ ምን ብዬ አማክራቸዋለሁ፣ ብቻ ንጹሕ ይሁንላቸው አለች። ለእኛም እውነት መሰለን።

ንድፉ ብቻዬን ያወጣሁት የመጀመሪያው ነበር። ዙሪያውን የተደበቀ መብራት፣ መሀሉን የአበባ ቅርጽ አደረግሁበት። ሲያልቅ ሁላችንም በጀርባችን ተኝተን አየነው። አልዋሽም፣ ኮርቼ ነበር።

መሪጌታ የተመለሱ ዕለት ምርቃት እንድንቀበል ተጠራን። ዘነቡ ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው። ጥቂት ገባ እንዳሉ ወለሉን በመቋሚያቸው መታ አደረጉና ቆሙ።

"ያስገባሽኝ ማን ቤት ነው?"

"ቤታችን ነው አባባ። አሳድሼልዎ ነው።"

ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ ቃል በዜማ አወጡ። ድምፃቸው ከፊታቸው ሳይርቅ ጠፋ። ቃሉን ሳይጨርሱት ተዉት። ከዚያ ለወጉ ያህል መረቁንና ወንበራቸውን አስፈልገው ተቀመጡ።

በየማለዳው ያዜሙ የነበሩት ሰው ከዚያ ወዲያ ዝም አሉ። ሰንብታ ዘነቡ ዓይኗ አብጦ መጣች። አባቷ ወደ ቁንዝላ መልሺኝ ብለዋል። እዚያ ያለው ዘመድ እንደ እሳቸው የደከመ ነው፤ ማን ያነሣቸዋል፣ ማን ያስቀምጣቸዋል? ደግሞም ከሄዱ እንደማይመለሱ ታውቃለች። ጋሼ ደመላሽ ኮፍያቸውን አነሡ። እኔ ሜትር ስፈልግ ተዪው አሉኝ።

መሪጌታ አጠገብ ዝቅ ብለን ተቀመጥን። ጋሼ ደመላሽ ምን እንዳጎደልንባቸው በትሕትና ጠየቁ።

"ቁንዝላ ሳለሁ እኔ ዜማ ስመራ የሚቀበሉኝ ነበሩ" አሉ ሽማግሌው። "ገሚሱ ሞተ፣ ገሚሱ ተበተነ። እዚህ ስመጣ ይህ ቤት ተቀበለኝ። እኔ ብዬ ዝም ስል እሱ ከላይ ይመልስልኝ ነበር። አሁን ብቻዬን ቀረሁ ልጄ።"

ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

"አፍርሱት" አለችን።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛም ለቀማውን በማግሥቱ ጀመርን። መሪጌታ ከክፍሉ አልወጣም ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አንድ የጂፕሰም ሰሌዳ በወረደ ቁጥር በስሱ ያንጎራጉሩና "ገና ነው" ይላሉ። የእኔ አበባም ወረደ። "ገና ነው" አሉ። ጋሼ ደመላሽ ሳቃቸውን ሊደብቁ መሰላሉ ላይ ፊታቸውን አዞሩ።

አሮጌው ኮርኒስ ሙሉ በሙሉ ሲገለጥ ድምፃቸውን ለቀቁት። ወደ ላይ ወጣ፣ ክፍሉን ዞረ፣ እሳቸው ዝም ካሉም በኋላ ትንሽ ቆየ። መዶሻዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥሁ። ዘነቡ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅስ ነበር። "አሁን ቤቴ ገባሁ" አሉ። ቁንዝላ ልሂድ የሚለውንም ዳግመኛ አላነሡት።

አሮጌውን ጣውላ ጠገንን፣ የሌሊት ወፉን መግቢያ በወንፊት ሽቦ ዘጋን። የግድግዳውን መስመር ከዋንዛ አሠራሁት። ከፍታውን የወሰንሁት ለዓይን ብዬ አይደለም፤ በመሪጌታ እጅ ልክ ነው። ከመኝታ ቤታቸው በር እስከ ወንበራቸው እየዳሰሱት ያለ መሪ ይሄዱ ጀመር። አንዳንድ ማለዳ ሥራ ባይኖረኝም በዚያ በኩል አልፍና መስኮቱ ሥር ቆሜ እሰማ ነበር።

ዛሬ መሪጌታም ጋሼ ደመላሽም የሉም። የሐይቁ ዳር ቤት ፈርሷል። አሁን ሥራዬ የሚበዛው ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው፤ አዲስ ቤት በአዲስ ቤት ላይ፣ ሁሉም ኮርኒሱ ዝቅ ያለ። እንጀራዬ ነውና በደንብ እሠራዋለሁ። ግን ጠዋት ባዶ ክፍል ከፍቼ በገባሁ ቁጥር ያ ድምፅ ይናፍቀኛል። ሠራተኞቹ ሳይደርሱ ካርቶን አንጥፌ እተኛለሁ፤ ቀና ብል የማየው ኮርኒስ በጣም ቅርብ ነው።

በቅርቡ ዘነቡ እዚያው ዘንዘልማ ያሠራችውን ቤት እንድጨርስላት ጠራችኝ። ሳሎኗ ስገባ የዋንዛው መስመር ግድግዳው ላይ ተገጥሟል። ቤቱ ሲፈርስ አስነቅላ አስቀምጣው ኖሯል። ላዩ ከመዳሰስ ብዛት ቅቤ የጠጣ ይመስል ያበራል። ቫርኒሽ ልቀባው እንደሆነ ጠየቅኋት።

"አትንኪው። የአባባ እጅ አለበት።"

በጣቴ ተከተልሁት። ልስላሴው አንድ ቦታ ላይ ያልቃል፤ ወንበራቸው የነበረበት ነው። እዚያ ቆሜ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቤቱ ምንም አልመለሰም።

ለአዲስ ሠራተኞቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ሜትር ከማውጣታችሁ በፊት የሚኖርበትን ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ አናግሩት።