አጥቂ ሰጥተን በረኛ የተቀበልን ዕለት

ዓርብ ዕለት ወንድሜ አጥቂያችንን ለታች ሰፈር ሰጠ።

እንዲህ ስጽፈው ቀላል ነገር ይመስላል። ዳንግላ ውስጥ፣ በእኛ በላይ ሰፈር ግን ያን ቀን ከዚህ የከበደ ወሬ አልነበረም። የክረምቱ የሰፈሮች ዋንጫ እሑድ ይጀመራል። የተጫዋቾች ስምና ፎቶ ለኮሚቴው የሚገባው ዓርብ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እስከዚያ ድረስ ተጫዋች ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሄድ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ አይችልም። ይህን ሕግ ያመጡት ዲሽ ቤት ኳስ የሚያዩ ልጆች ናቸው። የአውሮፓ ቡድኖች የዝውውር መስኮት የሚዘጋው በነሐሴ መጨረሻ ስለሆነ፣ እኛስ ከማን እናንሳለን፣ የራሳችን መስኮት ይኑረን አሉ። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር። አሁን በዚያ ቀን ሥራ የሚፈታ ሰው አለ። ዋጋው ገንዘብ አይደለም። ኳስ ይሆናል፣ ማሊያ ይሆናል፣ አንዳንዴም በግ። ተጫዋች በተጫዋች ሲለወጥ ግን ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ወንድሜ የላይ ሰፈር አሰልጣኝ ነበር። ሥራው የጭነት መኪና ረዳትነት ነው፤ ከእንጅባራ በኩል ድንች እየጫኑ ወደ ጫግኒ ያወርዳሉ። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ማለት አለብኝ መሰለኝ። ገና አልለመድኩትም።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ ወሬው ወጣ። ያወጣው ጸጉር አስተካካዩ ነው። ወንድሜና የታች ሰፈር አሰልጣኝ እሱ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲስማሙ፣ እሱ ሰው እያስተካከለ ይሰማ ኖሯል። ደንበኛውን ግማሽ ጸጉሩን እንደተላጨ ትቶት በሩ ላይ ወጣና «ኧረ ጉድ! ለአንድ በረኛ ብሎ አጥቂውን ሰጠው!» ብሎ ጮኸ። ደንበኛውም ፎጣውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ተከትሎት ወጣ።

እኔና ወንድሜ ወደ ጋሪ ማቆሚያው ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀን። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን ሳያስቀምጥ ነው ከሱቁ የወጣው። ከሰፈራችን ደጋፊዎች እሱን የሚበልጥ የለም። ስንሸነፍ እሑድ ማታ ራቱን አይበላም ይባላል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጤነኛ ነህ?» አለው።

«ጤነኛ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ ምን ነካህ? አምና ያን ሁሉ ጎል ያገባልንን ልጅ!»

«የገባብንንስ ቆጥረኸዋል?»

«የገባብን ሌላ፣ ያገባነው ሌላ!»

«አንድ ሜዳ ላይ ነው እኮ ጋሼ።»

ከጋሪ ነጂዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ከፈረሳቸው አጠገብ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «በረኛውን አይቼዋለሁ» አሉ። «ቁመቱ እንደ መብራት እንጨት ነው። እንደ መብራት እንጨትም ከቆመበት አይነቃነቅም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሰው የሚስቀው በእሱ ላይ ነበርና።

«እሺ፣ እሑድ ጎል የሚያገባልን ማን ነው?» አለ አንድ ጎረምሳ። «አንተ ነህ?»

«ይሄ ነው» ብሎ ወንድሜ ወደ እኔ ጠቆመ።

ከቅድሙ የበለጠ ሳቁ። ኳስ ስመታ ያላየኝ የሰፈራችን ሰው የለም።

በዚህ መሐል አጥቂው ራሱ መጣ። አባቱ ገበያው ዳር ጫማና አንሶላ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው፤ ልጁ ከእነሱ ሱቅ ሮጦ ነው የመጣው። ሰው መንገድ ለቀቀለት። ያለቅሳል ብለን ነበር።

«ኮች፣ ሰለቸሁህ?» አለው።

«አልሰለቸኸኝም» አለው ወንድሜ። «የሚያስፈልገኝን የማገኘው አንተን የሚያህል ስሰጥ ነው። ባትረባማ ማን ይቀበለኝ ነበር?»

ልጁ ትንሽ አሰበበት። «እንደሱ ከሆነ እሺ» አለና እጁን ዘረጋ። ተጨባበጡ። ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ፤ «በዚህ ሰፈር እኔ ዳግመኛ ኳስ አላይም» እያለ። ይህን በየዓመቱ ይለዋል።

ፎቶዎቹን አብረን ወስደን ለኮሚቴው አስገባን። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ወንድሜ ደረቁን እየመረጠ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

«ተሳስተህ ከሆነስ?» አልኩት።

«ከተሳሳትኩ ሜዳው ላይ ይታያል» አለኝ። «ሳይጫወቱ እንዴት ይታወቃል?»

ሌላም ነገር አውርተናል። ስለ እናቴ ጉልበት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቴ መቼ እንደሚመጣ። በማግሥቱ ለድንች በጠዋት እንደሚሄድ ነገረኝ፤ ኳሱ አየር ስላነሰው እንዳስነፋው አዘዘኝ። ራት በላን። እንደማንኛውም ቀን ነበር። ብዙ ጊዜ ከዚያ ቀን ውስጥ የተለየ ነገር ፈልጌ አጥቻለሁ።

ቅዳሜ ሲወጣ በሩን ሰማሁት እንጂ አልተነሳሁም። ረፋዱ ላይ ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ኳሱን እያስነፋሁ ስልክ ተደወለልኝ። ጉሙ ከባድ ነበር፣ መንገዱም ያንሸራትት ነበር አሉኝ። እንጅባራ ሳይደርሱ መታጠፊያው ላይ መኪናው ተገለበጠ። ሾፌሩ ተርፏል። ወንድሜ አልተረፈም።

ስለ ቀብሩ ብዙ መጻፍ አልችልም። የዚያኑ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የቀበርነው። ጉድጓዱን የቆፈሩት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ የእኛም፣ የታች ሰፈርም። አዲሱ በረኛ ከሁሉም ረጅም ስለሆነ መጨረሻ ላይ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አፈር የሚያወጣው እሱ ነበር። ሥጋ ሻጩ ቃሬዛውን ተሸክሞ ሄደ፤ ሰው ሊቀበለው ሲል እንቢ አለ።

ሳይመሽ ዕድሩ በተከለው ድንኳን ተቀመጥን። ንፍሮ ቀረበ። የታች ሰፈር ሰዎች ተሰብስበው መጡ፤ አሰልጣኛቸው ፊት፣ አጥቂው አጠገቡ። አሰልጣኙ ልብስ ሰፊ ነው፤ የተረጋጋ ሰው ነው። ትንሽ ተቀምጦ ከቆየ በኋላ ተነሣና በአባቴ ፊት ቆመ።

«አባባ፣ ይፍቀዱልኝና አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ትናንት ከልጅዎ ጋር የተጫዋች ልውውጥ አድርገን ነበር። እሱ አጥቂውን ሰጠን፣ እኛ በረኛውን ሰጠነው። አሁን እሱ የለም። በሞተ ሰው ላይ ትርፍ መያዝ አንፈልግም። ልጁን መልሰናል። በረኛችንን እንወስዳለን። ቀኑ አልፏል፤ ቢሆንም ኮሚቴው ለሐዘን ሲል ይፈቅዳል። ጨዋታችሁንም ወደ ረቡዕ አዙሮላችኋል። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይቀመጣል፤ እናንተ እሺ ካላችሁ ስሙ ይቀየራል።»

በድንኳኑ ውስጥ የእፎይታ ድምፅ ተሰማ። ሰዎች መረቁት። «እግዜር ይስጥልን!» አለ ሥጋ ሻጩ፤ እያለቀሰ ነበር። «ተስተካከለ፤ ነገሩ ተስተካከለ!» አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ለጎረቤቱ «ምስኪን፣ ቸኩሎ ነው። ልቡ ግን ጥሩ ነበር» ሲል ሰማሁ።

ሁሉም ከልባቸው ነው የተናገሩት። ቀን አብረውን ቆፍረዋል፣ ተሸክመዋል። ቢሆንም ወንድሜ በመጨረሻ የሠራው ሥራ ይህ ነው። ሌላ የለም። እነሱ ደግሞ በደግነት፣ በምርቃት፣ ቀስ ብለው ሊያጠፉት ነው።

አባቴ ስለ ኳስ አያውቅም። ገጠር ያደገ ሰው ነው፤ አማርኛ ቢችልም ሲያዝን የሚመጣለት አዊኛ ነው። በአዊኛ አንድ ነገር ተናገረና አጎቴ አስተረጎመው፦ «ይህን የሚያውቀው ታናሹ ነው፤ እሱን ጠይቁት ይላል።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ድንኳኑ ጥግ፣ ምሰሶው አጠገብ፣ በረኛውን አየሁት። ጥፍሩ ውስጥ ገና አፈር አለ። እሱን የጠየቀው ሰው የለም። የእኛ ተጫዋች የሆነው ገና ከአንድ ቀን በፊት ነው፤ አሁን እንደ ዕቃ ሊመለስ ነው። ዓይኑ ከዓይኔ ሲገጥም አንገቱን ደፋ። ቆይቶ ተነሥቶ ወጣ።

«ነገ ጠዋት ልንገራችሁ?» አልኩ። ስላዘንኩ ነው ብለው ተዉኝ።

ጠዋት ቦት ጫማዬን አጥልቄ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ ስወጣ አክስቴ በር ላይ ያዘችኝ።

«ሐዘንተኛ በቀብር ማግሥት ወዴት ነው የሚሄደው? ሰው ምን ይላል?»

«ታች ሰፈር ደርሼ ልመጣ ነው፣ እትዬ። አልቆይም።»

«ሰው አይላክም?»

«ራሴ መናገር አለብኝ።»

ወደ ታች የሚወስደውን መንገድ በእግሬ ወረድኩ። ቅዳሴ የሚሄዱ ሰዎች ሲያዩኝ መንገድ እየለቀቁ «እግዜር ያጽናህ» ይሉኛል። ልብስ ሰፊውን ግቢው በር ላይ አገኘሁት፤ እሱም ጋቢውን ለብሶ ሊወጣ ነበር። ደነገጠ።

«ምነው? ብትልክብኝ ምን ነበረበት? ግባ፣ ግባ።»

«አልገባም። ልጁ እናንተ ዘንድ ይሁን ልልህ ነው የመጣሁት።»

«የቱ ልጅ?»

«አጥቂው። እሱ የእናንተ ነው፣ በረኛው የእኛ ነው። ወንድሜ እንደተስማማው።»

የግቢውን በር ከኋላው ዘጋ። ከዚያ በቀስታ ተናገረ፤ እንደ ታናሽ ወንድሙ ነበር የሚያናግረኝ።

«ስማኝ። እኛ ለእናንተ ብለን ነው። ረቡዕ ብትሸነፉ ሰዉ የሚያነሳው የወንድምህን ስም ነው። በረኛው አንድ ኳስ ቢያመልጠው የእሱን ስም ነው። አሁን ብንተወው ማንም ክፉ አያነሳበትም። በሰላም ይረፍ።»

ይህን አላሰብኩበትም ነበር። እውነቱን ነው። ሥጋ ሻጩ ሲጮህ ታየኝ፤ በዚህ ጊዜ የሚጮኸው መልስ በማይሰጥ ሰው ላይ ነው። ልመለስ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር።

«ያንሱት» አልኩ። «ካፈረስነው ግን… ካፈረስነው፣ ሳይጫወቱ ተሳስቷል ብለን ፈረድንበት ማለት ነው። እኔ ደግሞ እሺ ብዬ ፈረድኩበት ማለት ነው። ያን አልችልም።»

ጋቢውን አስተካከለ። ወደ መሬት አየ።

«እውነቱን ልንገርህ?» አለኝ። «ዓርብ ዕለት ወደ ቤት የሄድኩት እየሳቅኩ ነው። እኔ ነኝ ያተረፍኩት ብዬ።»

«እሱም እየሳቀ ነው የገባው» አልኩት። «እሱም እኔ ነኝ ያተረፍኩት ይል ነበር።»

ሳያስበው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወዲያው አፈርኩና ነጠላዬን ወደ አፌ ወሰድኩት። እሱ ግን ትከሻዬን ያዘኝ፣ «እሺ፣ ለኮሚቴው ምንም አልልም» አለኝ።

የበረኛው ቤት ሩቅ አይደለም። ከላሞቹ በረት እበት እየዛቀ አገኘሁት። ሲያየኝ እጁን ሣሩ ላይ ጠረገ፣ ምን እንደሚል ጠፋው።

«ማክሰኞ ልምምድ አለ» አልኩት። «ረቡዕ ትሰለፋለህ።»

«መልሰውኝ የለም እንዴ?»

«አልተመለስክም።»

«ማን ያሠለጥነናል?»

«አላውቅም። አንተ ብቻ ና።»

ወደ ላይ ስመለስ ጉሙ መነሣት ጀምሮ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ከቅዳሴ የተመለሱ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሥጋ ሻጩ ገና ስገባ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«እህስ? ተስማማችሁ?»

ሰው ሁሉ ሰማ። ቆሜ ነገርኳቸው፤ ስናገር ሁለት ጊዜ ቃሉ ጠፋብኝ፣ ግን ጨረስኩት። አጥቂው አይመለስም አልኩ። ማንም አልመረቀኝም። ሥጋ ሻጩ አፉን ከፈተ፣ አባቴን አየ፣ ዘጋው። ከዚያ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ።

አባቴ ምን እንዳልኩ በአዊኛ ጠየቀኝ። እኔም በአዊኛ፣ ወንድሜ ያደረገው እንዳለ ይቆይ ብያለሁ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። አጠገቡ ተቀመጥኩና የሚገባውን ሰው እየተነሣሁ መቀበል ጀመርኩ።