መርዶ ይዘን የወጣነው ተራራ

ያን ተራራ ስንት ጊዜ ወጥተነዋል። ተማሪ ሳለን ቅዳሜ ቅዳሜ ከደባርቅ ተነስተን፣ እየተሳሳቅንና እየተሯሯጥን፣ የጓደኛችን እናት ቤት ድረስ እንሄድ ነበር። ያኔ አምስት ነበርን። ጦርነቱ ባለቀ ዓመት ግን አራት ሆነን ወጣን። አምስተኛው መሞቱን አብሮት የዘመተ ሰው ነግሮን፣ ለእናቱ ልናረዳ ነው የምንሄደው።

መርዶ በማለዳ ነው የሚነገረው፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ እናት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ኖሮ። ያሰብነውም የእናቱ ንስሐ አባት ቤት አድረን ንጋት ላይ ልንነግራቸው ነበር። እንዳይጠረጥሩ ብለን ጥቁር እንኳ አልለበስንም። ዳባት የሚያስተምረው ጓደኛችን አቀበቱ ሲጠና ቆም ብሎ «ማን ነው የሚጀምረው?» አለ። ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ድሮም ለወሬ የምቀድም እኔ ነኝ።

አቀበቱን ሳንጨርስ እናቱ ከላይ ብቅ አሉ። ገብስ የጫነች አህያ እየነዱ ወደ ወፍጮ ይወርዳሉ።

«እናንተ ልጆች! ምነው እንዲህ ጠፋችሁ!» ብለው አንድ በአንድ አገላብጠው ሳሙን። ከዚያ ዓይናቸው ከኋላችን ሄደ። «የኔውስ?»

ምን እንደነካኝ እንጃ። «ከኋላ ነው እማማ፤ እየመጣ ነው» አልኩ።

ድሮም አቀበት ላይ ኋላ የሚቀር እሱ ነበርና አመኑኝ። እልል አሉ። «በሉ አራግፉልኝ፤ ልጄ መጥቶ ምን ወፍጮ አለ!» አሉን። እኔና የዳባቱ ጓደኛችን ጆንያውን ይዘን አወረድን። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አላየኝም፤ እኔም በራሴ አፈርኩ። እሳቸው መንገዱ ቁልቁል የሚታይበት ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ጠበቁ። ከታች ሰው ብቅ ባለ ቁጥር ብድግ ይላሉ፤ ቀርቦ ሌላ ሰው ሲሆን መልሰው ይቀመጣሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ አልቻልኩም። ፊታቸው ተንበረከክሁ።

«እማማ፣ ዋሸሁዎት። አይመጣም።»

ከኋላዬ ጓደኞቼ ማልቀስ ጀመሩ። እሳቸው አላለቀሱም። ትከሻዬን በእጃቸው ገፋ አደረጉኝ።

«ተነስ ልጄ፤ መንገዱን ጋረድክብኝ» አሉኝ።