ልጃችን በየትኛው ጀልባ ናት?

ንጋት፣ አሶሳ

ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። ባለቤቴ ደረጀ "ግድቡ የፈጠረውን ሐይቅ ሳናይ አሶሳ ኖርን ማለት አይቻልም" ሲለኝ ከርሞ ዛሬ ተሳካለት። እሱ መምህር ነው፣ እኔ ጤና ጣቢያ እሠራለሁ፤ ሁለታችንም ከጎጃም በሥራ ተመድበን የመጣን ነን። የሰባት ዓመቱ ናታንና የአራት ዓመቷ ሶልያና በኮንትራት ሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ በማንጎ እየተጣሉ ሆሞሻን አለፍን። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ አቧራው መስኮት ቢዘጉበትም ይገባል።

ረፋድ፣ ሐይቁ ዳር

ወደብ ቢጤ ይኖራል ብዬ ነበር። ያለው ጭቃ፣ ሁለት የሞተር ጀልባ፣ የደረቀ ዓሣ ክምርና ብዙ ሰው ነው። ከውሃው መሃል የደረቁ ዛፎች ጫፍ ብቅ ብቅ ብሏል። ሐይቁ መሃል ወዳለችው ደሴት የሚሄደው የትኛው ጀልባ ነው ብለን ብንጠይቅ አንዱ ይሄ፣ ሌላው ያ ይላል። ኋላ ሁለቱም እንደሚሄዱ ገባን።

የጀልባችን ነጂ አተይብ የበርታ ተወላጅ ነው። መፍራቴን አይቶ "እህቴ፣ አትፍራ። አንተ እዚህ ተቀመጥ" አለኝ። እንደ ወንድ ሲያናግረኝ ናታን ሳቀ።

ተሳፍረን ሳናበቃ "ጭነት በዝቷል" ተባለና ሰው ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው መዘዋወር ጀመረ። ጆንያ ይወርዳል፣ ፍየል ይወጣል፣ ሞተር ይጮኻል። ደረጀ ከናታን ጋር ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀመጥን።

ሐይቁ መሃል

ዳርቻው ከዓይናችን ሲርቅ ደረጀ ዞሮ "ሶሊ ተኛች?" አለኝ።

"አንተ ጋ አይደለችም እንዴ?"

አግዳሚው ሥር ሳይቀር ፈለግን። ደረጀ ውሃውን ያያል። እኔ ማየት አልቻልኩም። "መልሰን!" ብዬ ጮህኩ።

አተይብ ሞተሩን ቀነሰና ስልክ ደወለ። በበርታኛ አውርቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ልጅ አለ። ሌላ ጀልባ ላይ ነው። ተኝቷል።"

"ተኝቷል? ወንድ ነው?"

"ልጅ ነው። ትንሽ ነው።"

"የእኔ ሴት ናት!"

"አዎ፣ ልጅ ነው" አለ፣ ምን እንደምጠይቀው ግራ ገብቶት።

እኔንም "አንተ" ማለቱ ትዝ ሲለኝ ትንሽ ተስፋ አደረግሁ። ግን ዳር ላይ ስንት ወንዶች ልጆች ነበሩ! "የጫማውን ቀለም ጠይቅልኝ" ስለው ኔትወርኩ ጠፋ። ደሴቲቱ ከኋላችን ካለው ዳርቻ ትቀርባለች፣ ያኛውም ጀልባ እዚያው ይመጣል ብሎ ወደፊት ነዳ።

ደሴቲቱ

ወረድን። ያኛው ጀልባ የለም። ደረጀ "የያዝኳት እኔ ነበርኩ ወይስ አንቺ?" እያለ ይመላለሳል። እኔም አላውቅም።

በመጨረሻ ጀልባው ከዛፎቹ ጀርባ ብቅ አለ። ቶብ የሚሉትን ብርቱካናማ ረጅም ልብስ የተጠቀለለች ሴት አንድ ልጅ ታቅፋለች። ፀሐይ እንዳይመታው በልብሷ ጫፍ ሸፍናዋለች፤ የሚታየው አንድ ባዶ እግር ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቼ ልብሱን ገለጥኩት።

ሶልያና ናት።

ሴትዮዋ አማርኛ አትችልም። "ማሻላህ" ብላ የልጄን ግንባር ዳብሳ ሰጠችኝ። አተይብ ተረጎመልን፤ "ልጅ ፍየል ተከትሎ ገባ። እናት እዚህ ጀልባ ውስጥ አለ መሰለኝ፣ አለ።" የሴትዮዋን እጅ ይዤ ሳምኩ።

ሶልያና ነቃች። ዓይኗን አሽታ እኔን፣ አባቷን፣ ናታንን ተራ በተራ አየችን።

"የት ጠፍታችሁ ነው?" አለችን በቁጣ።

ደረጀ ሊመልስላት አፉን ከፈተና አለቀሰ።